ብረት ብቻ የሚሰማ ጆሮ

የልጅ ልጄ ከአረብ አገር የተመለሰች ቀን ሌሎቹ ልጆች ብርድ ልብስና ቴሌቪዥን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ሲያስወርዱ፣ እሷ አንድ ረጅም ጥቁር ሣጥን እንደ ሕፃን በጀርባዋ አዝላ ወረደች። ቤት ገብተን ስትከፍተው አራት የብረት ክር የተወጠረበት ጊታር ሆኖ ተገኘ። ቤዝ ጊታር ይባላል አለችኝ። በዘፈን ውስጥ ከሥር ከሥር የሚሄደውን ወፍራም ድምፅ የሚያወጣው እሱ ነው። እዚያ እሑድ እሑድ ሐበሾች በሚሰበሰቡበት ቤት አንድ የአገራችን ሰው አስተምሯት፣ ሰውየው አገር ሲቀይር ጊታሩን ትቶላት ሄደ።

«ታዲያ ይኼ ምን ይጠቅምሻል?» አልኳት።

«ደስ ይለኛል፣ እምዬ።»

ስንት ዘመን የሰው ቤት ስታጥብ የኖረች ልጅ ደስ የሚላትን ነገር ይዛ ብትመጣ ማን ምን ይላታል?

ብዙም ሳትቆይ እዚሁ ደብረ ታቦር ሰርግ የሚያጫውት ባንድ ውስጥ ገባች። የባንዱ አለቃ ኪቦርድ ይጫወታል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሳያዳምጥ ይፈርዳል። ከሱ ሌላ አንዲት ዘፋኝና አንድ ከበሮ መቺ አሉ። ልጄ ከመምጣቷ በፊት ቤዙን አለቃው ራሱ በኪቦርዱ በግራ እጁ ነበር የሚሠራው። እሷ ስትገባ ግራ እጁ አረፈ፤ ያንን ውለታ ግን ቶሎ ረሳው።

የነቢያት ጾም ሲገባ ልጄ ከልምምድ ፊቷ ጠቁሮ መመለስ ጀመረች። ጾም ሲሆን ሰርግ ስለሌለ ባንዱ የሚውለው በልምምድ ነው። አንድ ቀን ራቷን ሳትነካው ስትቀር ያዝኳት።

«ምን ሆነሻል?»

«ሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ድምፃቸው ሞተ። አለቃችን ጣትሽ ደክሟል ይለኛል። ቤዝ የወንድ ጣት ነው የሚፈልገው አለ። ከጥምቀት በኋላ ሰርግ ሲጀመር ከባሕር ዳር ሌላ ልጅ አመጣለሁ ብሏል።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ጣቴ ደህና ነው። ፒካፑ ይመስለኛል።»

እኔ የማውቀው ፒካፕ ጭነት የሚጭነውን መኪና ነው። ይኼኛው ስሙ ብቻ ነው አንድ የሆነው። ጊታሩን ከትንሽ ድምፅ ማጉያዋ ጋር አገናኝታ፣ አስተኝታ አሳየችኝ። ከክሮቹ ሥር እንጨቱ ውስጥ የተቀበሩ ሁለት ጥቁር ቁራጮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ረዘም ይላሉ። አንዱ ከወፋፍራሞቹ ሁለት ክሮች ሥር፣ ሌላው ከቀጫጭኖቹ ሁለቱ ሥር ይቀመጣል። እንደ ሁለት ወንድማማች እርሻውን እኩል ተካፍለውታል።

«ይኼ የጊታሩ ጆሮ ነው» አለችኝ። «ክሩ ሲንቀጠቀጥ እሱ ይሰማና በሽቦ ወደ ድምፅ ማጉያው ይልከዋል።»

ጆሮ ከሆነማ ይስማኝ ብዬ ጎንበስ አልኩና «እንደምን ዋልክ!» አልኩት። ድምፅ ማጉያው ዝም አለ። ጮክ አልኩ። ዝም። ምናልባት የደስታ ድምፅ ይሆናል የለመደው ብዬ እልልታዬን አቀለጥኩት። ከድምፅ ማጉያው ትንፍሽ የለም፤ ጎረቤቴ ግን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ምን ተገኘ? ማን ወለደ?» አለች። ልጄ ከገባችበት ሐዘን ወጥታ በሳቅ ወደቀች።

ያን ጊዜ ሰፌድ እየሰፋሁ ስለነበር ወስፌዬ በእጄ ነበር። እንዲያው ልነካው ብዬ ጫፉን ወደ ጥቁሩ ቁራጭ ሳስጠጋ ወስፌው ከእጄ ሸሸ። የሆነ ነገር ወደታች ሳበው፤ ጠቅ ብሎ ሲለጠፍ ከድምፅ ማጉያው «ዱብ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ደነገጥኩና ወስፌውን አነሳሁት። እንደገና አስጠጋሁት። ዱብ!

«ማግኔት አለበት» አለችኝ ልጄ። «የሚሰማው ብረት ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። የሰው ድምፅ አይሰማም።»

ይኼ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስናገር የማይሰማኝ ብዙ አይቻለሁ፤ እልልታዬን ንቆ ወስፌዬን የሚሰማ ጆሮ ግን አላየሁም። በማግስቱ ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ ልጄን ቀስቅሼ ሣጥኑን አስከፈትኳት። በወፋፍራሞቹ በኩል ያለውን ቁራጭ በወስፌ ነካሁት፤ ዱብ! አለ። በቀጫጭኖቹ በኩል ያለውን ነካሁት፤ እንደ ታመመ ሰው «እ» ብሎ ዝም አለ። ደገምኩ። ቦታ ለወጥኩ። ያው ነው፤ አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ያንሾካሹካል።

የምፈልገውን አገኘሁ። ወስፌውን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ሰክቼ ወደ ልምምድ ቤታቸው ሄድኩ። ልጄ «ተይ እምዬ፣ አታሳፍሪኝ» እያለች ጊታሯን አዝላ ከኋላዬ ነበረች።

አለቃው ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሣ። «እማማ! ምን እግር ጥሎዎት?»

«ፍርድ።»

«የምን ፍርድ?»

«የልጄ ጣት ተከሷል አሉ። ምስክር ይዤ መጣሁ።» ወስፌውን አሳየሁት። ጠዋት ቤት እንዳደረግሁት እፊቱ ደገምኩት፤ ዱብ፣ እ። ዱብ፣ እ። «ወስፌ ጣት የለውም። ጣት ቢደክም ደግሞ ለአራቱም ክር ይደክማል እንጂ ሁለቱን መርጦ ይደክማል?»

«እማማ፣ ወስፌ እኮ ምስክር አይሆንም።»

ከበሮ መቺው ከጥግ «ወስፌማ አይዋሽም፤ ይወጋል እንጂ» አለና ሁሉም ሳቁ። አለቃውም ሳቀ፤ ሲስቅ ግን ጆሮው ቀልቶ ነበር። በመጨረሻ እጁን ዘረጋ።

«እሺ። ፒካፑን ትቀይረው። ከጥምቀት በፊት አራቱም ክር እኩል ከተሰማ ቦታው የሷ ነው። ካልሆነ ግን አይቀየሙኝ፤ ሰርገኛ ደካማ ባንድ አይታገሥም።»

«በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ነው ያልከው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ጭንቀቱ ሌላ ሆነ። በእኛ ከተማ የባጃጅ መለዋወጫ እንጂ የጊታር ጆሮ የሚሸጥ ሱቅ የለም። ከገበያው ዳር ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን ሰው ዘንድ ሄድን። እሱ ደካማውን ቁራጭ ፈትቶ በመብራት አሳየን። ሆዱ ውስጥ ከፀጉሬ የቀጠነ ቀይ ሽቦ ተጠቅልሏል፤ ክር ከሆነ ጥጥ ፈትዬ አውቃለሁ፣ እንዲህ ያለ ቅጥነት ግን አላየሁም።

«ስንት ዙር ነው?» አልኩት።

«ማን ቆጥሮት፣ እማማ። በሺህ ነው አሉ።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ደከመ?»

«ሽቦው ልባስ አለው። ልባሱ ተልጦ እርስ በርሱ ሲነካካ ኃይሉ ዙሩን ሁሉ መዞሩን ትቶ በአቋራጭ ያልፋል። ዳገቱን ትቶ በአጥር ሾልኮ እንደሚሄድ ሰው ነው። ይኼን እኔ መልሼ ልጠቀልለው አልችልም። ሌላ ፈልጉ።»

ሌላ ስንፈልግ ሁለት ጥንድ ተገኘ። አንደኛው አዲስ ነው፤ የልጄ ጓደኛ ከአዲስ አበባ ፈልጋ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላከችው። ቀፎው ውስጥ እንደ ጌጥ ተኝቷል። ሁለተኛውን ጠጋኙ ራሱ ከመሳቢያው ሥር አወጣው። አቧራ የጠጣ፣ ጠርዙ የተላጠ ነው። በደርግ ጊዜ የነበረው የአውራጃው ኪነት፣ የመንግሥቱ የዘፈን ቡድን፣ ሲበተን አንገቱ የተሰበረ ቤዝ ጊታር እጁ ገብቶ፣ እንጨቱን ምስጥ ቢበላውም ጆሮውን አስቀምጦት ነበር።

ኪነት የሚለውን ቃል ስሰማ ፊቴ ተቋጠረ። እህል ሜዳ ላይ ተኝቶ፣ ደመና አንዣብቦ፣ ተሰብሰቡና አጨብጭቡ ይባል ነበር። ድምፅ ማጉያቸው ከዚያ እስከ ጉና ተራራ ይሰማል። የእኔ ገብስ ዝናብ ሲመታው እነሱ ይዘፍኑ ነበር።

«ይኼንማ አልፈልግም» አልኩ። «አዲሱ ይሁን።»

ልጄም ዓይኗ አዲሱ ላይ ነበር። አለቃውም ወሬውን ሲሰማ «ምን ጥያቄ አለው፣ አዲሱ!» አለ። የኪነቱን የሚደግፍ ጠጋኙ ብቻ ነበር። እሱም በጣም አልተከራከረም፤ «ሁለቱንም ሞክሯቸው ብቻ» አለ።

መጀመሪያ አዲሱ ተገጠመ። እንዴት ያለ ጉልበት ነው! ቀጫጭኖቹም ወፋፍራሞቹም ጮኹ፤ የልምምድ ቤቱ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የኪነቱ ገባ። ገና ድምፁን ከፍ ሲያደርጉት ማንም ክሩን ሳይነካ «ሲጥጥጥ» ብሎ ጮኸ፤ ጆሮአችንን ያዝን።

«በቃ፣ ይጣል!» አለ አለቃው። «ለቅሶ ቤት ነው እንዴ የምንሄደው?»

እኔም ይጣል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን የጠጋኙን ፊት አየሁ። «ለምንድን ነው የሚጮኸው?» አልኩት።

«ሲሠሩት ሽቦው እንዳይንቀሳቀስ ሰም ያጠጡታል። የዚህኛው ሰም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አሁን ሽቦው ራሱ እየተንቀጠቀጠ የራሱን ድምፅ ይሰማል። ሰም ቢያገኝ ዝም ይል ነበር።»

«ስለዚህ ታሟል እንጂ ክፉ አይደለም።»

«እንደሱ ይበሉት።»

«እንግዲያው የታመመ ሰው ችሎት አይቆምም። ታክሞ ይቅረብ።»

አለቃው በእጁ ግንባሩን መታ። «እማማ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ኪነቱን አልፈልግም ያሉት?»

«አሁንም አልፈልገውም። አለመፈለጌ ግን ሌላ፣ ፍርድ ሌላ ነው።»

ለጧፍ ብዬ ከአንበሳሜ ገበያ ያስመጣሁት ንጹሕ የንብ ሰም ቤቴ ነበር። ከሱ ቆርሼ ለጠጋኙ ወሰድኩለት። ሰም እሳት ላይ በቀጥታ አይጣድም፤ ይጤሳል፣ ይጠቁራል። ጠጋኙም ይህን ያውቅ ነበርና ጣሳውን ፈልቶ የወረደ ውሃ ውስጥ አስቀመጠው፤ የሱቅ ሻማም ጨመረበት፣ ሰሙ ብቻውን ይጠነክራል ብሎ። ቀልጦ እንደ ማር ሲሆን የኪነቱን ቁራጮች በሽቦ አንጠልጥሎ ነከራቸው። ወዲያው ከሆዳቸው ጥቃቅን አረፋ ይወጣ ጀመር። ሁለታችንም ጣሳው ላይ ተደፍተን አየን።

«ይተነፍሳል» አልኩ።

«አየሩ እየወጣ ሰሙ እየገባ ነው። አረፋው ሲያልቅ ጠግቧል ማለት ነው።»

ከበሮ መቺው ለወሬ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «የቤተ ክርስቲያን ሰም ጠጥቶ ደግሞ ሰርግ ላይ መቀደስ እንዳይጀምር!» አለ።

«ገና ለቤተ ክርስቲያን አልሰጠሁትም፤ ሰሙ የእኔ ነው» አልኩት። «ንቧም ስትሠራው ለማን እንደሆነ አልጠየቀችም።» እንዲህ ብልም ግን የቆረስኩትን ያህል በማግስቱ ተካሁ። ስለት ባይሆንም ያሰብኩት ነገር ሲጎድል አልወድም።

ሰም የጠገበው ጆሮ ሲገጠም ዝም አለ። ክር ካልነኩት አይናገርም። አሁን ሁለቱም ጤነኞች ሆኑ፤ ከዚህ በኋላ ነው ክርክሩ የከፋው። አለቃው አዲሱ ይሻላል ይላል። ጠጋኙ የኪነቱ ለዘፋኟ ቦታ ይተውላታል ይላል። ልጄ አንድ ቀን እንዲህ፣ አንድ ቀን እንዲያ ትላለች። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሁሉም የሚሰማው አስቀድሞ የወደደውን መሆኑ ነው። አለቃው የኪነቱን ሊሰማ ሲል ፊቱን አስቀድሞ ያኮማትራል። እኔም እንደዚያው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ጆሮአችን ከባለቤቱ ጋር እየተማከረ የሚመሰክር መስሎ ታየኝ።

መላው የመጣልኝ በገና ዕለት ቅርጫው ላይ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ በሰፈራችን ቅርጫ ውስጥ እንደ ማንኛውም አባወራ በራሴ ስም እገባለሁ። አንድ ጊዜ ዕጣ ጣዩ ለወንድሙ ደህናውን መደብ ሲያሳልፍ በዓይኔ አይቼ፣ ሥጋውን ሳላነሳ ሁሉንም እንደገና አስደባልቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ በእኛ ሰፈር ሕጉ ጠብቋል። መጀመሪያ መደቦቹ እኩል እስኪሆኑ ከዚህ እየተነሣ እዚያ ይጨመራል። ቀጥሎ እያንዳንዳችን ምልክታችንን እንሰጣለን፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ እንጨት። ከዚያ የትኛው ምልክት የማን እንደሆነ ያላየ ሰው፣ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ሰው፣ ዞሮ ይጥላል። ያን ዕለት የእኔ ቁልፍ መደቡ ላይ ሲወድቅ እያየሁ «ጊታሩም እንዲህ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሰዎቹ ብርድ የመታኝ መስሏቸው ተያዩ።

በዓሉ እንዳለፈ ሁሉንም ልምምድ ቤት ሰበሰብኳቸው።

«መጀመሪያ መደቡ እኩል ይሁን» አልኩ። አዲሱ ሲገጠም ከክሮቹ ሥር ከፍ ብሎ፣ ተጠግቶ እንደተቀመጠ አይቼ ነበር፤ የኪነቱ ግን ዝቅ ብሏል። ለአንዱ ቁናውን ከምሮ ለሌላው ልክ አድርጎ መስፈር ማለት ነው። ጠጋኙ አንድ ሳንቲም አወጣ። ሁለቱም ሲገጠሙ በክሩና በጆሮው መካከል ያ ሳንቲም በልክ እንዲያልፍ ብሎኑን አስተካከለ። የድምፅ ማጉያው ቁልፍም አንድ ቦታ ቆመ፤ ማንም እንዳይነካው ከበሮ መቺውን ዘበኛ አደረግነው።

ልጄ አንዱን ዘፈን በአንዱ ጆሮ፣ ያንኑ ዘፈን በሌላው ጆሮ ተጫወተች። ዘፋኟም አብራ ዘፈነች፤ ቤዝ ብቻውን ሰርግ አይሄድምና። ጠጋኙ ሁለቱንም በስልኩ ቀዳ። ከዚያ እኔ፣ አለቃው፣ ዘፋኟና ልጄ ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዙረን ተቀመጥን። ጠጋኙ ከኋላችን ሆኖ በትልቁ ድምፅ ማጉያ ሊያሰማን ነው። የትኛው እንደሚቀድም በዕጣ አወጣ፤ ያየው እሱ ብቻ ነው።

«ሦስት ጊዜ ታሰማናለህ» አልኩት። «አንደኛውን ትደግመዋለህ፤ የትኛውን እንደምትደግም ግን አትነግረንም።»

«ለምን ሦስት?» አለ አለቃው።

«የእኛም ጆሮ ይፈተን ብዬ።»

ግድግዳ እያየን የመጀመሪያውን ሰማን። አለቃው አፉን መያዝ አልቻለም። «ይኼ የኪነቱ ነው! ባዶ ጣሳ!» አለ።

«ዝም በል፣ ጎረቤትህን አታሳስት» አልኩት።

ሁለተኛው መጣ። ጉልበተኛ ነው። ቤዙ ከፊት ቆሞ ይገፋል፤ ዘፋኟ ከኋላው ሆና የምትጣራ መሰለኝ። ሦስተኛው መጣ። አለቃው ወንበሩ ላይ ተነቃነቀ። «አሃ! ይኼ ነው ፒካፕ ማለት! ስሙት እስቲ፣ እንዴት ከሥር እንደሚይዛት!»

ጠጋኙ አስቆመው። የወደዳችሁትን ቁጥር በጣታችሁ ከጀርባችሁ አሳዩኝ አለን። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አንድ ጣት አሳየሁ። እንደዚያ የለሰለሰው አዲሱ መሆን አለበት ብዬ ነው።

«ዙሩ» አለን ጠጋኙ። መሳቁን ለመደበቅ እየታገለ ነበር። «አንደኛውና ሦስተኛው አንድ ናቸው። ሁለቱም የኪነቱ ናቸው።»

አለቃው እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ያንኑ ድምፅ መጀመሪያ ጣሳ ብሎት፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አወድሶ ሦስት ጣት አሳይቶለታል። ከበሮ መቺው ከበሮውን አንዴ መታና «ጣሳው ተሾመ!» አለ። እኔ ልስቅበት ስል ጣቴ ትዝ አለኝ። የእኔስ? የእኔም አንድ ጣት ለኪነቱ ነበር። ስንት ዓመት የጠላሁትን ድምፅ ጀርባዬን ሰጥቼ ስሰማው ወደድኩት። ያኔ ገብሴን ያበሰበሰው ዝናቡና ስብሰባው ነበር፤ ለካ ጊታሩ ምንም አላደረገኝም።

ዘፋኟም አንደኛውን ነበር ያለችው። ሳትጮኽ የምትዘፍንበትን መረጠች። የቀረችው ልጄ ናት።

«አንቺስ ስንት አልሽ?» አላት አለቃው።

ልጄ መሬት መሬት አየች። «ሁለት» አለች። «አዲሱን።»

እኔ ያላሰብኩት ይኼን ነበር። በቅርጫ ላይ ድምፅ አይሰጥም፤ ዕጣ የጣለውን ትወስጃለሽ። እዚህ ግን ሦስታችን የኪነቱን መርጠን አንዷ አዲሱን አለች፤ ያቺ አንዷ ደግሞ የጊታሩ ባለቤት ናት። ብዙኃኑ ይግዛ ልል ነው? ወይስ ባለንብረቷ? ለሁሉም «ዝም በሉ» ስል የዋልኩት ሴትዮ አሁን ዝም ማለት የእኔ ተራ ሆነ። ምላሴን ነክሼ ያዝኩ። ከባድ ነበር።

«ስጫወተው» አለች ልጄ ቀስ ብላ፣ «አዲሱ ጣቴ ሥር ይመልስልኛል። እኔን ደስ የሚለኝ እሱ ነው። ግን እናንተ የሰማችሁትን እኔ ከጊታሩ ጋር ሆኜ አልሰማውም። ሰርግ ላይ የምጫወተው ለሰርገኛው ነው። ስለዚህ ለባንዱ የኪነቱ ይግባ። አዲሱን አስቀምጠዋለሁ፤ አንድ ቀን ለራሴ የምጫወትበት ጊታር ሲኖረኝ እሱ ላይ ይገባል።»

ማንም ያዘዛት አልነበረም። ከዚያ ቀና ብላ አለቃውን ፊት ለፊት አየችው። «አሁን ግን አንድ ነገር ይቀረናል። አራቱም ክር እኩል ተሰማ ወይስ አልተሰማም?»

«ተሰማ።»

«በሁለቱም ፒካፕ?»

«በሁለቱም።»

«የተጫወተው የማን ጣት ነው?»

አለቃው አንገቱን አሸ፤ እኔን አየኝ፤ እኔ ግድግዳውን አየሁ። «ያንቺ ነው» አለ። «ጣትሽን ያማሁት ያለ አግባብ ነው። የደከመው የእኔ ጆሮ ነበር፤ እሱን ደግሞ የሚቀይር ጠጋኝ አላገኘሁም።»

«ሰም ይጠጣ» አለ ከበሮ መቺው።

ለባሕር ዳሩ ልጅ እዚያው ፊታችን ደወለለት። ከእንግዲህ ቦታ የለም አለው፤ እሱም ምንም ያላጠፋ ልጅ ነውና ይቅርታ እንዲጠይቀው አደረግሁ።

የጥምቀት ሰሞን አልፎ የመጀመሪያው ሰርግ ከጉና እግር ሥር ካለ አንድ መንደር ነበር። እኔም ተጠርቼ ሳይሆን «እሄዳለሁ» ብዬ ከባንዱ ጋር ተጫንኩ። ቀዝቃዛው ነፋስ ዳሱን ያርገበግበዋል፤ ጄኔሬተሩ ከገብሱ ክምር ጀርባ ይንጎራጎራል። ከሴቶቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ዘፈኑ ሲጀመር መጀመሪያ በጆሮዬ ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም። ኋላ እግሬ ሥር አገኘሁት። ከመሬት ወጥቶ በአግዳሚው እግር በኩል ወደ ወገቤ ይመጣል። እንጨቱ ላይ መዳፌን ዘርግቼ ያዝኩት። አጠገቤ ያለችው ሴት «ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ።

«እየሰማሁ ነው።»

እሷም እጇን አኖረች። «ውይ!» አለች። «ይኼ ከየት ነው የሚመጣ?» በአገጬ ልጄን አሳየኋት። ከዚያ ዓይኔ ወደ አለቃው ሄደ። ቀኝ እጁ ኪቦርዱ ላይ ይሮጣል። ግራ እጁ ግን ጭኑ ላይ ተጋድሟል፤ ሥራውን ጨርሶ እንደተቀመጠ ሰው እጅ።

የሞተውን የድሮ ፒካፕ ጠጋኙ ሊጥለው ሲል ተቀበልኩት። ልጄን ከቦታዋ ሊያስወጣ የደረሰው እሱ ነው፤ ግን ሆን ብሎ አላደረገውም። ጆሮው ይሙት እንጂ ማግኔቱ አልሞተም። አሁን ከስፌት ሙዳዬ ክዳን ላይ ተለጥፎ ይኖራል፤ ስፌቴን በጨረስኩ ቁጥር ወስፌዬን ወደሱ ሳስጠጋው ከእጄ ይነጥቀኝና ጠቅ ብሎ ይይዘዋል። አንዳንድ ጊዜ ብቻዬን ስሆን ጎንበስ ብዬ «እንደምን ዋልክ» እለዋለሁ። አይመልስም። እንደማይመልስ አውቃለሁ፤ ለምን እንደማይመልስም አውቃለሁ።